እድራቸውን በቁማቸው የበሉት እትዬ አሰለፈች

እትዬ አሰለፈች ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። ይህ ነገር እስካሁን ያናድደኛል። እኔ እዚህ ኮሎምበስ ያለው የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ሰው የወገኑን ሞት በስልክ እንዳይሰማ እያልኩ፣ በማለዳ ሽማግሌ አስከትዬ የሰው በር ሳንኳኳ ነው የኖርኩት። ለእኔ ግን ማንም በር አላንኳኳም። ኤርፖርቱ በር ላይ መንገደኛ የማመላልስበትን ሸትሌን አቁሜ ተሳፋሪ ሻንጣውን ሲያወርድ ስልኬ ጮኸ፤ ልጃቸው ሐና ከዳላስ መጥታ ከእሳቸው ጋር እንደሰነበተች አውቅ ነበርና ስልኳን ሳይ አልደነገጥኩም። አነሳሁት። «ጋሼ ብርሃኑ፣ ማሚ አረፈች» አለችኝ።

የመለስኩላት መልስ እስካሁን ግራ ይገባኛል። «እግዜር ያጥናሽ» አላልኩም። «ላይ ናቸው ታች?» ነው ያልኳት።

ሐና «ምን?» አለች። ቆይቶ ገባት መሰለኝ፣ «ላይ፤ እዛው አልጋዋ ላይ» አለችኝ። እኔም «ተመስገን» አልኩ። ሰው ሞቶ ተመስገን የሚል የእድር ጸሐፊ የት አገር አለ? ግን እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ደግሞ መሪውን ይዤ አለቀስኩ።

እትዬ አሰለፈችን ያወቅኳቸው ኮሎምበስ ጥግ ባለችው ጋሃና ከተማ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሲሠሩ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ቤታቸው እኔ ከምኖርበት አፓርታማ ብዙም ስለማይርቅ ዘንድሮም አምናም ስመላለስ ኖርኩ። ቤታቸው ኖርዝላንድ ሰፈር ውስጥ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ፣ ከሌሎች ቤቶች ጋር ግድግዳ የሚጋራ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው። ሳሎኑና ወጥ ቤቱ ታች፣ መኝታና መታጠቢያው ላይ።

እኚህ ሴትዮ ምን እንደሚፈልጉ ለማወቅ ስሞክር ዕድሜዬ አለቀ። በሩን ከፍተው «ና ግባ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ?» የሚሉት በአንድ ትንፋሽ ነው። ሳምንት ስጠፋ «ሰው ረሳን» ብለው ያኮርፋሉ። ስሄድ «ሥራ የለህም እንዴ?» ይላሉ። ወጣቸውን ሳደንቅ ጨው እንደሌለው ይነግሩኛል፤ አንድ ቀን «እውነትዎን ነው፣ ትንሽ ጨው አንሶታል» ብላቸው እስከ ፋሲካ አላናገሩኝም። ሲያወሩ ደግሞ የጃኬቴን ቁልፍ ይይዙና ያሽከረክሩታል። ጨዋታው እስኪያልቅ ክሩ ይላላል። ከዚያ ቁልፉን አየት አድርገው «ይኼ ቁልፍህ ሊወድቅ ነው፤ ሚስት የለህም?» ይሉኛል። ሚስቴን በስሟ ያውቋታል።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ግራ አያጋቡም ነበር። ለሴት መርዶ ልንነግር ስንሄድ ከፊት የሚገቡት እሳቸው ናቸው። አይቀባጥሩም፣ ምክር አያበዙም። ክንዷን ይይዟታል፤ አለቀ። ብዙ ሴቶች ያን ቀን የሚያስታውሱት የእትዬ አሰለፈችን እጅ ነው።

ታዲያ ጉልበታቸው እምቢ አለ። መጀመሪያ ደረጃውን እየተንፏቀቁ መውረድ ጀመሩ፤ ቁጭ ብለው፣ አንድ አንድ እያሉ። ሽቅቡን ደግሞ በአራት እግር። ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው፤ ሐና ግን በቪዲዮ ስታወራቸው አየቻቸውና ሳቅ አልመጣላትም። ዳላስ ያለው ቤቷ ደረጃ የለውም፣ ክፍልም አዘጋጅታለች። «ማሚ፣ ለታንክስጊቪንግ በዓል እመጣለሁ። ወይ ስቴርሊፍት ይገባል፣ ወይ ዕቃሽን ፓክ አድርጌ ይዤሽ እሄዳለሁ» አለቻቸው። ስቴርሊፍት ማለት በደረጃው ዳር በተዘረጋ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ወንበር ነው፤ ተቀምጠህ ቁልፍ ስትጫን ወደ ላይ ያወጣሃል፣ ወደ ታች ያወርድሃል።

ሐና ክፉ ልጅ አይደለችም። ልጆች አሏት፣ የቤት ዕዳ አለባት፣ ግማሹን እከፍላለሁም ብላለች። እሳቸው ግን ከልጃቸው አንድ ብር አልቀበልም አሉ። ዳላስንስ ለምን አይፈልጉም ብዬ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ «ሙቀቱ» አሉኝ። በሌላ ቀን «ልጆቹ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚመልሱልኝ» አሉኝ። በሌላ ቀን ደግሞ ቁልፌን ያዙና፣ «ስማ ብርሃኑ፤ እኔ ከሰው ቤት ሰው ቤት እየዞርኩ ነው ያረጀሁት። አዲስ አበባ የአክስቴ ቤት፣ ከዚያ የባሌ እናት ቤት፣ እዚህ መጥቼ የሰው ቤዝመንት። መታጠቢያ ቤት ለመግባት አስፈቅጄ ነው የኖርኩት። ይኼ የኔ ነው። ደረጃውም የኔ ነው» አሉኝ። ሦስተኛው ምክንያት እውነተኛው ይመስለኛል። በማግስቱ ግን ተመልሰው «ሙቀቱ ነው» አሉ።

የስቴርሊፍቱ ሻጭ የመጣ ቀን እኔ ላስተረጉም ተጠራሁ። ትሑት ሰው ነበር፤ ጫማውን አወለቀ፣ ደረጃውን ለካ። ደረጃው ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ያገለገለ ወንበር በርካሽ ይገኝ ነበር አለ። የእትዬ አሰለፈች ደረጃ ግን ጫፉ ላይ ይታጠፋል። ስለዚህ ሐዲዱ ለዚህ ቤት ብቻ ተለክቶ መሠራት አለበት፤ ለሌላ ቤት አይሆንም፣ ከሌላ ቤትም አይመጣም። ዋጋውን ሲጠራ እትዬ አሰለፈች እኔን አዩኝ፣ እኔ ምንጣፉን አየሁ። ኢንሹራንሳቸውም ይህን አይሸፍንም አለ።

«ፊቴን ወዴት አድርጌ ነው የምሄደው?» አሉ። ተረጎምኩ። ወደ ጎን ነው አለ። «ጥሩ። እንግዳ ቁጭ ብሎ ጀርባዬን ሰጥቼው አልወጣም።»

ሰውዬው ወረቀቱን አወጣና ትዕዛዙን ልጻፍልዎት ወይ ብሎ ጠየቀ። እትዬ አሰለፈች ፈገግ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ» አሉት። ሰውዬው አመስግኖ ቦርሳውን ዘጋና ሄደ።

«ሄደ?» አሉኝ።

«ኖ አሉታ!»

«አንዴ እኮ ነው ያልኩት! ትንሽ እንኳን አይለምንም? ምን ዓይነት ሻጭ ነው?»

«እና ይፈልጉታል?»

«በምን ብሬ?» አሉና ተነስተው ወጥ ቤት ገቡ። መፈለጋቸውን ይሁን አለመፈለጋቸውን ሳላውቅ ወጣሁ።

ያወቅኩት በእድሩ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባችንን የምናደርገው ሞርስ ሮድ ላይ በተከራየናት አዳራሽ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነን፤ አባል ሲሞት እድሩ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል፣ ሰው ያሰልፋል። ሰብሳቢያችን ጋሼ ታደለ አፐር አርሊንግተን በሚባል ሰፈር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ከረቫታ ሳያስሩ የማይወጡ፣ ደንብ አክባሪ ሽማግሌ ናቸው። «ልዩ ልዩ» የሚባለው አጀንዳ ላይ ሲደርሱ እትዬ አሰለፈች ጠረጴዛ ተደግፈው ተነሱ።

«ስሞት የምትሰጡትን ብር አሁን ስጡኝ። ስሞት አልፈልገውም።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሰብሳቢው ዞረ።

«ወይዘሮ አሰለፈች፣ እድር ለሞት ነው» አሉ ጋሼ ታደለ።

«እኔስ ወዴት የምሄድ መሰለህ?»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አማተበ። ጠቡ ከዚያ ተጀመረ። አንዱ «ይሰጣቸው፣ የገዛ መዋጯቸው ነው» አለ። ሌላው «ነገ እኮ ሰው ሁሉ በሞቱ ላይ አድቫንስ ሊጠይቅ ነው! የእኔም መኪና ትራንስሚሽን ተበላሽቷል» አለ። አንዷ ደግሞ «ወንበሩን ከገዛን በኋላ ሲያርፉ ባዶ እጃችንን ልንቆም ነው?» ብላ አለቀሰች። እኔ ደንቡን አገላበጥኩ። ሞት የሚል አለ። ደረጃ የሚል የለም። ማን ትክክል እንደሆነ አላወቅኩም፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቅም። ውሳኔው ለኮሚቴ ተመራ።

ኮሚቴው ጋሼ ታደለ፣ እኔና ጋሼ ሰኢድ ነን። ጋሼ ሰኢድ የወሎ ሰው ናቸው፣ እዚያው ሞርስ ሮድ ላይ ሸቀጣ ሸቀጥ ቤት አላቸው። ሦስታችንም እያዘንን አይቻልም አልን። ሐና ከመምጣቷ በፊት በአካል ሄደን በክብር እንንገራቸው ተባባልን። ጋሼ ሰኢድ ሱቅ ይከፍታሉ፣ እኔ ሺፍት አለብኝ፣ ጋሼ ታደለን የሚያመጣቸው ልጃቸው ሥራ ይገባል። ሦስታችንም የምንገኝበት ሰዓት ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል ብቻ ሆነ።

አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ሦስት የእድር ሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ያለ ቀጠሮ። በዚያ ላይ ቀዝቅዞ ስለነበር ጋሼ ታደለ ጋቢያቸውን ደርበዋል። መኪናችንን አቁመን፣ ምን ብለን እንደምንጀምር እያሰብን፣ አቀርቅረን፣ ዝም ብለን ወደ በሩ ሄድን። ለማንኛችንም ምንም አልታየንም። ላይኛው መስኮት ላይ መጋረጃው ገለጥ ሲል አየሁ። እትዬ አሰለፈች ለጸሎት ማልደው ይነሳሉ።

ከዚያ ውስጥ ደረጃው ላይ ድው ድው የሚል ድምፅ ሰማን። እየተንፏቀቁ አልነበረም። በእግራቸው ነበር። ሳናንኳኳ በሩ ተበረገደ። እትዬ አሰለፈች በባዶ እግራቸው፣ በሌሊት ልብሳቸው ቆመዋል።

«ንገሩኝ» አሉ።

ክው አልን። ጋሼ ታደለ ከልማዳቸው የተነሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሐናዬ ናት?»

ጋሼ ሰኢድ ባስደነገጥናቸው ተጨንቀው «ያ አላህ፣ ይቅር በለን» አሉ። ይሄኔ ባሰ። እትዬ አሰለፈች «ልጄን!» ብለው ጮኹና ደረታቸውን መቱ። ስንቱን ሲያጽናኑ የኖሩት ሴትዮ እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። በሩ ላይ ተዘረጉ። የሚይዛቸው እጅ አልነበረም፤ ያ እጅ ሁልጊዜ የእሳቸው ነበርና።

«ወንበሩ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እትዬ፣ የደረጃው ወንበር! ሐና ደህና ናት! ስለ ወንበሩ ልናወራ ነው የመጣነው!»

አላመኑኝም። ሐና ጋ እዚያው ደወልን። «ማሚ? ዋት ሀፐንድ? ገና አልነጋም እኮ» የሚለው በእንቅልፍ የተዘጋ ድምጿ ሲመጣ፣ እትዬ አሰለፈች ስልኩን ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት። ከዚያ «ምንም አይደለም፣ ተኚ» አሏትና ዘጉ። ከዚያ ሳቁ። ከዚያ ደግሞ አለቀሱ። ሦስታችንም እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳው ሥር ቆመናል።

ዓይናቸውን ጠረጉና ቀና አሉ። «እሺ። ስለ ወንበሩ ምን ልትሉኝ ነው የመጣችሁት?»

ጋሼ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ተፈቅዷል» አሉ።

ዘወር ብዬ አየኋቸው። ጋሼ ሰኢድ «አዎ፣ ተፈቅዷል» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

መኪናው ውስጥ ስንገባ «ጋሼ፣ ተከልክሏል አይደል እንዴ ያልነው?» አልኳቸው።

«አንተ ብትሆን ትነግራት ነበር?»

«ደንቡስ?»

«ደንቡን አንተ ታውቃለህ» አሉና ባርኔጣቸውን አጠለቁ። ደንቡን የማውቀው እኔ፣ የማደርገውን የማላውቅ ሆኜ ሸትሌን ልነዳ ሄድኩ።

ያን ደረጃ እንዴት በእግራቸው እንደወረዱ እሳቸውም አያውቁትም። ጉልበታቸው አብጦ ለብዙ ቀን ሶፋ ላይ ነው የከረሙት። አባላቱ ነገሩን ሲሰሙ የተቃወሙትም አንገታቸውን ደፉ፤ ትራንስሚሽኑ የተበላሸው ሰውዬ እንኳን እጁን ለድጋፍ አወጣ። እትዬ አሰለፈች ግን በነጻ አልቀበልም አሉ። «ተከፍሎኛል። ሂሳባችን ተዘጋ። ስሞት ገንዘብ የለም፣ ድንኳን የለም፣ ድስት የለም» አሉ። ሻጩ ሁለተኛ ሲመጣና ልጻፍ ወይ ሲላቸው፣ ገና ሳይጨርስ «የስ!» አሉት፤ እንዳይሄድባቸው ፈርተው።

ሐና ለታንክስጊቪንግ የመጣችው ለእናቷ ዕቃ የሚሆኑ ሁለት ባዶ ሻንጣዎች ይዛ ነው። ወንበሩ ተተክሎ አገኘችው። ሳትናገር ተቀመጠችበት፣ ቀበቶውን አሰረች፣ ወጣች፣ ወረደች። ወንበሩ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ዞር ብሎ ሰውን ከደረጃው አርቆ እንደሚያወርድ ደጋግማ ሞከረች። እትዬ አሰለፈች ታች ቆመው ፊቷን ፊቷን ያያሉ። ሐና ወረደችና «ፋይን» አለች። ሻንጣዎቿን ባዷቸውን መልሳ እንደምትወስድ በዚያች ቃል ገባን።

በማግስቱ እትዬ አሰለፈች ስልክ ደወሉልኝ። «የእድሩን ወንበር አምጣ፣ ድስቱን አምጣ፣ ሰዉንም አምጣ። እድሬን ከበላሁ አይቀር ሙሉውን ነው የምበላው።»

ሰዉ ምን ለብሶ እንደሚመጣ አያውቅም። አንዱ ኬክ ይዞ መጣ። አንዷ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ ቤት ዘቅዝቃ ገባች፤ አይታን አስተካከለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ መልሳ ዘቀዘቀችው። አንድ ሽማግሌ እትዬ አሰለፈችን ሳሟቸውና «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ። «አሜን» አሉ እሳቸው፣ ምንም ሳይመስላቸው። የእድሩ ታጣፊ ወንበር ለቅሶ ቤት አስመስሎባቸው ወንዶቹ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ። ደስታ ቤት ነው ለቅሶ ቤት? እኔም አልገባኝም። ማንንም ብጠይቅ አያውቅም።

ከተበላ በኋላ እትዬ አሰለፈች «ታደለ፣ ስሞት የምታነበውን አሁን ንገረኝ፣ ልስማው» አሉ። ጋሼ ታደለ ከረቫታቸውን አስተካክለው ቆሙ። በቀብር ላይ እንደሚያደርጉት ጀመሩ። «እትዬ አሰለፈች ደግ፣ ሩህሩህ፣ ለተቸገረ ደራሽ…»

«ደግነቱን ዝለለው» አሉ እትዬ አሰለፈች። «ስለ ሞተ ሰው ደግነት ሁሉም ነው የሚዋሸው። በስሟ ቤት ገዛች በል።»

ጋሼ ታደለ «በስሟ ቤት ገዛች» አሉ።

«በቃ፣ ተቀመጥ።»

ሲመሽ ደክሟቸው ወደ ወንበሩ ሄዱ። ሐና ልትደግፋቸው ስትል እጇን መለሱት። ተቀመጡ፣ ቀበቶውን አሰሩ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቁልፉን ተጫኑ። ወንበሩ ዝግ ብሎ መውጣት ጀመረ። ፊታቸው ወደ እኛ ነው። ማን እንደጀመረ አላውቅም፣ አንዱ ተነሳ፤ ቀጥሎ ሁሉም ተነሳ። ባርኔጣ ያለው አወለቀ። እኔም ሳላስበው ቆሜ እጄን አጣምሬያለሁ። ከሞተሩ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ከጎኔ የሆነ ነገር ሰማሁና ዞርኩ። ጋሼ ታደለ፣ ያ ደንብ አክባሪ ሰው፣ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ይንሰቀሰቃሉ። እሳቸውን አይተው ሴቶቹ ጀመሩ፤ ጋሼ ሰኢድ ጀመሩ፤ ሐና እናቷን ቀና ብላ እያየች ጀመረች። እኔም በቁም ላለ ሰው ይለቀሳል አይለቀስም ብዬ ሳልወስን እንባዬ መጣ።

እትዬ አሰለፈች ከላይ ሆነው ወንበሩን አቆሙና ቁልቁል አዩን። በጣም ተናደዋል።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ። «ነገ ጠዋት እኮ እወርዳለሁ!»